ከኢትዮጵያ በመጣ የሕግ ዲግሪ ለኒውዮርክ ባር (የጠበቆች ፈተና) መቀመጥ ይቻላል? አዎ፣ ግን በነገሩሽ መንገድ አይደለም

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሀገር ቤት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ 5 ዓመት ሕግ ተምሬ በ2007 ዓ.ም. ተመርቄያለሁ። ከዚያ በዞን 4 ዓመት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠራሁ፤ የጥብቅና ፈቃድ ግን አላወጣሁም። በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፣ ሆም ኬር ነው የምሠራው። አንዷ ጓደኛዬ ‹ዲግሪሽን አስገምግሚና ቀጥታ ኒውዮርክ ተፈተኚ› ትለኛለች። የባለቤቴ ዘመድ ደግሞ ‹የሀገር ቤት ሕግ እዚህ ወረቀት ነው፤ ከዜሮ 3 ዓመት ጄ ዲ (የአሜሪካ መደበኛ የሕግ ዲግሪ) መማር አለብሽ› ይላል። አንድ ኤጀንት በኦንላይን ኤል ኤል ኤም (የሕግ ማስተርስ) አስጨርሶ ለፈተናው እንደሚያበቃኝ ነግሮኝ ቀብድ ጠይቆኛል። የሰበር ውሳኔ እኛም ጋ አስገዳጅ ስለሆነ እንደ ኮመን ሎው (የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደ ሕግ የሚያስገድድበት የእንግሊዝ ሥርዓት) አይቆጠርልኝም? እስከዚያው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የአሳይለም (የጥገኝነት) ፎርም ሙዪልን ይሉኛል። ትንሽ ነገር ማስከፈል እችላለሁ?»

ሦስቱም ተሳስተዋል። የተሳሳቱበት ቦታ ግን ይለያያል። ጓደኛሽ ግማሹን ዘላ ነው የነገረችሽ። የባለቤትሽ ዘመድ ለአንዳንድ ግዛት እውነት የሆነውን ለሁሉም አደረገው። ኤጀንቱ ጋ ቆይቼ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ቀብዱን እንዳትከፍዪ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «የአሜሪካ የጥብቅና ፈቃድ» የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው፣ ዲሲም የራሷ አላት። ስለዚህ «አሜሪካ ውስጥ ይቻላል ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂ አሥር ሰው አሥር መልስ ይሰጥሻል፤ አሥሩም የየራሱን ግዛት ነው የሚያወራው። ጥያቄሽን «ኒውዮርክ ውስጥ ይቻላል ወይ?» ብለሽ አጥብቢው። እኔም የምመልሰው በዚያ ልክ ነው። ደግሞ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ውጭ ሀገር የተማረ ሁሉ ወደ ኒውዮርክ የሚጎርፈው ደንቧ በጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። ደንቡ 520.6 ይባላል። ያወጣው የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ኮርት ኦፍ አፒልስ ነው። (ኒውዮርክ ውስጥ «ሱፕሪም ኮርት» የሚባለው የሥር ፍርድ ቤት ነው። እኔ ይህን ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል።) ደንቡ በመሠረቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የተማርሽው ጊዜ እዚህ ሀገር ከሚጠየቀው ጋር ይመጣጠናል ወይ? እዚህ ጄ ዲ በመደበኛ 3 ዓመት ነው። ሁለተኛ፣ የተማርሽው ሕግ በእንግሊዝ ኮመን ሎው ላይ የቆመ ነው ወይ? ሁለቱንም ያሟላ፣ ለምሳሌ ናይጄሪያ ወይም እንግሊዝ የተማረ ሰው፣ ወረቀቱ ከተስተካከለ ያለ ተጨማሪ ትምህርት ሊፈተን ይችላል። የጓደኛሽ ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። አንዱን ብቻ ያላሟላ በኤል ኤል ኤም ያክመዋል። ሁለቱም የጎደለው ሰው ግን ኤል ኤል ኤም አያድነውም። ይህቺ የመጨረሻዋ ብዙ ሰው አስለቅሳለች፤ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ተምሮ፣ ተመርቆ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚነገረው።

አንቺ የጊዜው ጉዳይ አያሳስብሽም። 5 ዓመት በመደበኛ ተምረሻል፣ ይበቃል። በርቀት የተማረ ወይም በዲፕሎማ ጀምሮ ያሻሻለ ሰው ይህን ሲያነብ ግን «እኔም እንደሷ ነኝ» እንዳይል። የእሱ መዝገብ ሌላ ነው፣ አንድ ዶላር ከማውጣቱ በፊት ማስገምገም አለበት።

አሁን ወደ ሰበር ክርክርሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወድጄዋለሁ። ዐቃቤ ሕግ መሆንሽ ያስታውቃል። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደርጓል። ሥነ ሥርዓት ሕጎቻችንም፣ በተለይ የፍትሐ ብሔሩ፣ ከህንድ ሕግ ብዙ ቀድተዋል፤ እሱ ደግሞ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የስዊሱ የዣን ግራቨን ሥራ ነው። አጥንቱ የአውሮፓ ኮድ ነው፤ ሰበር የመጣው በኋላ ነው። ገምጋሚው የኒውዮርክ የጠበቆች ፈተና ቦርድ «አስገዳጅ ትርጉም አላችሁ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፣ የተማርሽው ሕግ መሠረቱ ምንድን ነው ነው የሚለው። መከራከሪያውን አትጣይው፤ ስታመለክቺ በደብዳቤ ብታያይዥው አይጎዳሽም። እቅድሽን ግን ኤል ኤል ኤም እንደሚያስፈልግሽ አድርገሽ ሥሪ። በክርክር አሸንፋለሁ ብለሽ አንድ ዓመት ብትጠብቂ፣ የምታጪው ያንኑ ዓመት ነው።

ኤል ኤል ኤሙ ደግሞ ዝም ብሎ ኤል ኤል ኤም አይደለም። የአሜሪካ ባር አሶሲዬሽን እውቅና በሰጠው የሕግ ትምህርት ቤት መሆን አለበት። ቢያንስ 24 ክሬዲት ያስፈልጋል። ከእሱ ውስጥ 2ቱ የሙያ ሥነ ምግባር፣ 2ቱ የሕግ ምርምርና ጽሑፍ፣ 2ቱ የአሜሪካ የሕግ ሥርዓት መግቢያ፣ 6ቱ ደግሞ ፈተናው ላይ የሚመጡ ትምህርቶች መሆን አለባቸው። በተመዘገብሽ በ24 ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። እና እዚህ ጋ አስምሪበት፦ ትምህርቱ አሜሪካ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚወሰድ ነው። በኮሮና ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ተላልቶ ነበር፤ ኤጀንቶች እስካሁን የሚነግዱት በዚያች ወሬ ነው። ዛሬ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በላፕቶፕ የጨረስሽው ኤል ኤል ኤም ግድግዳ ላይ ይሰቀል ይሆናል እንጂ ኒውዮርክ ፈተና አያስቀምጥሽም። ለኤጀንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ «ትምህርት ቤቱ ፕሮግራሙ ደንብ 520.6ን እንደሚያሟላ በጽሑፍ ይሰጠኛል?» ሲንተባተብ ትሰሚዋለሽ።

ደስ የሚለው ነገር፣ ኤል ኤል ኤሙን ለመማር ኒውዮርክ መሄድ አያስፈልግሽም። ቦታው የትም ግዛት ሊሆን ይችላል። አንቺ ደግሞ የምትኖሪው ከዲሲ አፍንጫ ሥር ነው። ጆርጅታውን አለ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን አለ፣ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። ቀይ መስመር ባቡር ላይ ወጥተሽ ደርሰሽ የምትመለሺበት አለ ማለት ነው። በ24 ወር ውስጥ ማለቅ የሚችል የትርፍ ሰዓት ፕሮግራም ካገኘሽ የሆም ኬሩን ሥራ ሙሉ በሙሉ ሳትለቂም ይሆናል። ከመመዝገብሽ በፊት ግን የትምህርት ቤቱን የኤል ኤል ኤም ቢሮ «የትኞቹን ኮርሶች ብወስድ ነው ለኒውዮርክ የሚቆጠሩት?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ፣ መልሱንም አስቀምጪው። ሰብዓዊ መብት፣ ዓለም አቀፍ ንግድ እያለ ደስ ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ 24 ክሬዲቱን ሞልቶ፣ የፈተናዎቹን 6 ክሬዲት የረሳ ሰው አውቃለሁ። አንድ ሴሚስተር ጨምሮ ከፈለ።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው የሚወድቀው ከፈተናው በፊት እዚህ ነው። የኒውዮርክ ቦርድ ቅድመ ግምገማ አለው። በኦንላይን ትከፍቻለሽ፣ ከዚያ ሰነዶችሽ እስኪደርሱ መጠበቅ ነው። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለቦርዱ መላክ አለበት። በውክልና ወንድምሽ አውጥቶ፣ በሻንጣ መጥቶ፣ አንቺ ፖስታ ቤት ያስገባሽው አይሠራም። ወንድምሽ ሊያደርግ የሚችለው ሬጅስትራሩ ቢሮ በር ላይ ቆሞ መላኩን ማየት ነው። እሱም ቀላል ሥራ አይደለም። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለተመረቅሽ የወጪ መጋራቱን ሳትጨርሺ ኦፊሻሉን አይለቁልሽም፤ ዛሬውኑ ስንት እንደቀረብሽ አጣሪ። ለዲግሪው ሌላ፣ የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት የሚጠየቀውን የትምህርት መስፈርት ማሟላትሽን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልግሻል። ፈቃዱ ራሱ በእጅሽ ባይኖርም የትምህርቱን ክፍል ማሟላትሽ ነው ዋናው። የዐቃቤ ሕግነት ልምድሽ ለዚህ ግምገማ ምንም አይጨምርልሽም። የሥራ ልምድ የትምህርት ጉድለት አያሟላም።

ከዚያ ስም አለ። ፓስፖርትሽ ላይ አንድ «ኤስ»፣ ዲግሪሽ ላይ ሁለት «ኤስ»፣ ግሪን ካርድሽ ላይ የአባትሽ ስም መካከለኛ ሆኖ የአያትሽ መጨረሻ። ለእኛ አንድ ሰው ነሽ፣ ለእነሱ ሦስት። ሁሉንም አጻጻፍ ዘርዝረሽ ማመልከቻው ላይ አስገቢ። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። ዲግሪሽ ላይ የፈረንጁ ብቻ ተጽፎ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ የእኛው ከሆነ ሳትመረቂ ዐቃቤ ሕግ የሆንሽ ያስመስላል። ሳቅ አይደለም፣ አንድ ልጅ በዚህ ጉዳይ ሲጻጻፍ ወራት ሄዱበት። ስለዚህ ግምገማውን ለመፈተን ካሰብሽበት ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድመሽ ጀምሪ።

ፈተናው ራሱ ሁለት ቀን ነው፤ በፌብሩዋሪና በጁላይ መጨረሻ ማክሰኞና ረቡዕ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሥራ ላይ ልምምድ የሚባሉ ሁለት የጽሑፍ ጥያቄዎች አሉ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። ከሰዓት 6 ኤሴይ፣ ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ። ሁለተኛው ቀን 200 የምርጫ ጥያቄ በ6 ሰዓት። ምርጫው ከጠቅላላው ግማሹን ይይዛል፣ ኤሴዩ 30 በመቶ፣ ልምምዱ 20 በመቶ። ማለፊያው ከ400 ላይ 266 ነው። ውጭ ሀገር የተማረ ሰው የማመልከቻ ክፍያ 750 ዶላር ነው፤ እዚህ የተማረው 250 ይከፍላል። ፍትሐዊ ነው ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው ብሎ ተጨማሪ ሰዓት ማግኘት የለም። ስትወድቂ ግን ደጋግሞ መፈተን ይቻላል፣ ገደብ የለውም።

እኔ መጀመሪያ ስቀመጥ ወድቄያለሁ። ያልገባኝ ነገር ስለነበር ሳይሆን የገባኝ የመሰለኝ ነገር ስለነበር ነው። ውል ሲመጣ እጄ የሚጽፈው አንቀጽ 1678ን ነበር፦ ችሎታ፣ ፈቃድ፣ ጉዳዩ ሕጋዊና የሚቻል መሆኑ፣ ፎርም ካለ ፎርም። አሜሪካ ግን «በምትኩ ምን ሰጠሽ?» ይላል። ኮንሲደሬሽን የሚባለው ነው። ያለ ልዋጭ የተገባ ቃል በመደበኛው ውል አይደለም። እኛ ጋ ስጦታ ራሱ ውል ነው፣ እዚህ ደግሞ አጎትሽ «መኪናዬን እሰጥሻለሁ» ብሎ ቢያስቀር በውል ሕግ ለማስገደድ ሌላ መንገድ ፈልጊ ይሉሻል። ይህቺን በጥናት ታውቂያታለሽ፤ 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ውስጥ አንብበሽ ስትመልሺ ግን የድሮው ሕግሽ ቀድሞ ይወጣል። አዲስ ሕግ ከመያዝ የድሮውን ማስቀመጡ ነው የሚከብደው።

ንብረት የሚባለው ክፍል የባሰ ነው። እኛ ያደግነው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚል ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ሥር ነው። የይዞታ መብት፣ ሊዝ፣ ካሳ እናውቃለን። እዚህ ደግሞ አንድ ሰው ቤቱን «ለልጄ በሕይወት እስካለች፣ ከዚያ ለልጇ፣ እሱ ጠበቃ ካልሆነ ለወንድሜ» ብሎ መስጠት ይችላል፣ አንቺም የእያንዳንዱን መብት ስም ከነሚጸናበት ቀን መጥራት አለብሽ። ሀገር ቤት ልክ እንደዚህ ያለ ነገር አልተማርንም። ስለዚህ ለማነጻጸር አትሞክሪ፣ እንደ አዲስ ቋንቋ ቁጭ ብለሽ ተማሪው። ማስረጃም እንደዚያው። ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ ሳይኖረን ነው ፍርድ ቤት የቆምነው። እዚህ ግን «እሷ እንዲህ ስትል ሰምቻለሁ» የሚለው ቃል መቼ ይገባል፣ መቼ ይታገዳል የሚለው ብቻ ሳምንታት ይፈጃል፤ ደንቡ የተሠራው በአብዛኛው ጁሪን (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆችን) ታሳቢ አድርጎ ስለሆነ ነው።

እና ለአንቺ የተለየ ማስጠንቀቂያ፦ ወንጀል። ዐቃቤ ሕግ ስለነበርሽ ይህ ክፍል ቀላል ይመስልሻል። ወጥመድ ነው። ፖሊስ ያለ ማዘዣ ቤት ገብቶ ያገኘው ማስረጃ እውነት ቢሆንም ከመዝገቡ እንዲወጣ የሚያደርገው የአሜሪካ ሕግ፣ የእኛን ዐቃቤ ሕግ ሆድ ያስብሳል። «ማስረጃው እኮ አለ!» ትያለሽ። አለ፣ ጁሪው ግን አያየውም። ምርጫው ላይ ሰባት ትምህርት በእኩል ነው የሚመጣው፤ ወንጀል ሕግና ሥነ ሥርዓቱ አንድ ላይ፣ ከዚያ ውል፣ ቶርት (ከውል ውጭ ኃላፊነት)፣ ንብረት፣ ማስረጃ፣ ሕገ መንግሥትና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት። አንዱን በድሮ እውቀቴ እሸፍነዋለሁ ብሎ መዝለል አይቻልም።

የሚያግዝሽ ነገርም አለ። ሕግ በእንግሊዝኛ ተምረሻል። የሥራ ላይ ልምምዱ ደግሞ ሸምድደሽ የምትሄጅው ሕግ አይጠይቅም፤ ፋይል ይሰጥሻል፣ ሕጉንም እዚያው ይሰጥሻል፣ «ለአለቃሽ ማስታወሻ ጻፊ» ይልሻል። መዝገብ ገልጦ ክስ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ከዩኒቨርሲቲ ገና ከወጣ ልጅ ይሻላል። ኤሴይ ላይ ግን ያንን ረጅም መግቢያችንን ተዪው። ጭብጡ፣ ሕጉ፣ ፍሬ ነገሩ ላይ ሲውል፣ መደምደሚያ። አለቀ። ፈታኙ ያማረ አረፍተ ነገርሽን የሚያነብበት ጊዜ የለውም።

ካለፍሽ በኋላ ወዲያው መሐላ ፈጽመሽ ጠበቃ አትሆኚም፤ ይህንንም ማንም አይነግርሽም። የሙያ ሥነ ምግባር ፈተና ለብቻው አለ፣ 60 ጥያቄ፣ ኒውዮርክ የምትፈልገው 85 ነው። የኒውዮርክ ሕግ የኦንላይን ኮርስና ከዚያ በኋላ 50 ጥያቄ ያለው ፈተና አለ፤ መጽሐፍ ገልጠሽ ነው የምትሠሪው፣ 30 ማግኘት ይበቃል። 50 ሰዓት የነፃ አገልግሎት አለ። የሙያ ክህሎት መስፈርትም አለ፤ ሀገሩ ላይ ፈቃድ አውጥቶ አንድ ዓመት ሙሉ ጊዜ የሠራ ሰው በዚያ ይወጣዋል፣ አንቺ ግን ፈቃድ ስለሌለሽ ምናልባት የ6 ወር ልምምድ ያስፈልግሻል። ኤል ኤል ኤም ስትማሪ የሕግ ክሊኒክ (ተማሪ እውነተኛ ጉዳይ የሚይዝበት) ወይም ኢንተርንሺፕ ከያዝሽ ከእነዚህ አንዳንዶቹን በአንድ ድንጋይ ትመቻቸዋለሽ።

መጨረሻ ላይ የባሕርይ ማጣሪያ አለ። የኖርሽበት አድራሻ፣ የሠራሽበት ቦታ፣ ዕዳ፣ ክስ፣ ሁሉም ይጠየቃል። ዕዳ መኖሩ አያስወድቅም፤ መደበቁ ያስወድቃል። በአሳይለም የመጣችሁ ሰዎች ይህን ስታነቡ፣ እዚህ የምትጽፉት ታሪክ ኢሚግሬሽን ከሰጣችሁት ጋር አንድ መሆን አለበት። ዜግነት ግን መስፈርት አይደለም። «ዜጋ ያልሆነ ጠበቃ አይሆንም» የሚለውን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በግሪፊትስ ጉዳይ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ብሎታል። ግሪን ካርድሽ ከበቂ በላይ ነው።

«ለምን ኒውዮርክ? የምኖረው ሜሪላንድ» ትይኝ ይሆናል። ቨርጂኒያን እርሺያት፤ እዚያ የባለቤትሽ ዘመድ ትክክል ነው፣ ኤል ኤል ኤም ብቻ ይዞ ለመጣ በሩ ዝግ ነው። ካሊፎርኒያ በውጭ ሀገር ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ያለ ኤል ኤል ኤም ታስፈትናለች፣ አንቺ ግን ፈቃድ አላወጣሽም። (ሀገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ የሕግ ባለሙያዎች፣ ፈቃዳችሁን ሳታወጡ አውሮፕላን አትሳፈሩ። እዚህ ሆኖ ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው።) ሜሪላንድና ዲሲ ማለፊያቸው እንደ ኒውዮርክ 266 ነው፣ የኒውዮርክ ውጤትሽንም ወደ እነሱ ማዛወር ይቻላል። ግን ውጤቱ ተዛወረ ማለት ትምህርትሽ ተቀባይነት አገኘ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ውጭ ለተማረ ሰው የራሳቸው መስፈርት አላቸው። ኤል ኤል ኤሙን ከመጀመርሽ በፊት የሦስቱንም መስፈርት ጎን ለጎን አስቀምጪና ኮርስሽን በዚያ ምረጪ። ሌላም ነገር አለ፤ ፈተናው ራሱ እየተቀየረ ነው። ሜሪላንድ በጁላይ 2026 ኔክስትጄን ወደሚባለው አዲስ ፈተና ከሚገቡት ቀዳሚዎች ናት፣ ኒውዮርክ ለጁላይ 2028 ቀጥራለች። ከጓደኛ የተወረሰ አሮጌ የጥናት መጽሐፍ ላይ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት በየትኛው ቅርጽ እንደምትፈተኚ እወቂ።

የኒውዮርኩ ፈቃድ ሜሪላንድ ሆነሽ የሚጠቅምሽ በአንድ ትልቅ ነገር ነው። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ሕግ ነው። የየትኛውም ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ በየትኛውም ከተማ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መቆም ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ከፍተሽ አሳይለም፣ ግሪን ካርድ፣ የቤተሰብ ጉዳይ መያዝ ትችያለሽ። የሜሪላንድ ፍቺ፣ የመኪና አደጋ፣ የቤት ኪራይ ክርክር ግን አትነኪም፤ ካርድሽም ላይ ፈቃድሽ የኒውዮርክ እንደሆነና ሥራሽ በፌዴራል ኢሚግሬሽን የተወሰነ እንደሆነ መጻፍ አለበት።

ገንዘቡን አላሳምረውም። ኤል ኤል ኤም እንደ ትምህርት ቤቱ ከ30 ሺህ ዶላር ጀምሮ እስከ 80 ሺህ ይደርሳል፣ የሚያልፍም አለ። ጄ ዲ የዚህ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ዓመትም ይፈጃል፤ በምትኩ በሁሉም ግዛት ያስፈትናል። ዕድሜሽ 24 ቢሆን፣ ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ መግባት ብትፈልጊ፣ ጄ ዲን አስቢበት እልሽ ነበር። ግሪን ካርድ ስላለሽ የፌዴራል የተማሪ ብድር ማመልከት ትችያለሽ፣ ነገር ግን ሙሉ ወጪውን ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ስኮላርሺፕ ሳትይዢ አትግቢ። ስም ያለው ትምህርት ቤት ሙሉ አስከፍሎሽ ከሚቀበልሽ፣ ስም የሌለው ግማሹን ቀንሶልሽ ቢቀበልሽ ይሻላል፤ ኢሚግሬሽን የሚይዝ ጠበቃን ደንበኛ «የት ተማርሽ?» አይለውም፣ «ወረቀቴ መቼ ይመጣል?» ነው የሚለው።

ምክሬ ይህ ነው። ጄ ዲን ተዪው። የኦንላይኑን ተዪው። በዚህ ወር የወጪ መጋራቱን አጣሪና የኒውዮርኩን ቅድመ ግምገማ ክፈቺ። መልሱ በጽሑፍ እስኪደርስሽ ለማንም ትምህርት ቤት ክፍያ አትፈጽሚ። «ኤል ኤል ኤም ያሟላልሻል» ካለሽ፣ እዚሁ ዲሲ ወይም ባልቲሞር፣ በስኮላርሺፕ፣ በክፍል ውስጥ ተማሪ። ከዚያ ለፈተናው ቢያንስ አሥር ሳምንት ሥራ አቁመሽ አጥኚ። ሆም ኬር ሌሊት እየሠራሽ ቀን አጥንቼ አልፋለሁ እንዳትዪ። ባለቤትሽን ቁጭ አድርገሽ የእነዚያን ሳምንታት ኪራይ ከአሁኑ ቁጠሩ። ውጭ የተማሩ ተፈታኞች የማለፍ መጠን እዚህ ከተማሩት ያነሰ ነው፣ ደግመው የሚቀመጡት ደግሞ የባሰ ያነሰ። ዋናው ዕድልሽ የመጀመሪያው ነው።

የፎርሙ ነገር ቀረ። አይሆንም። ማስከፈል አትችይም። ደንቡ ባዶ ቦታ መሙላትን ብቻ፣ በጣም አነስተኛ በሆነ ክፍያ፣ ራሱን የሕግ አዋቂ አድርጎ ለማያቀርብ ሰው ይፈቅዳል። አንቺ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ «ዐቃቤ ሕጓ» እያለ ነው የሚመጣብሽ። የትኛው መልስ እንደሚሻል ስትነግሪው፣ ታሪኩን ስታስተካክዪለት፣ ጥብቅና ሠራሽ ማለት ነው። ያለ ፈቃድ። ሰውየው ከገባ አንድ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ሊሆን ይችላል፤ የአሳይለም ማመልከቻ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልገባ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለው በቀር በሩ ይዘጋበታል። አንቺም ነገ የባሕርይ ማጣሪያው ላይ ስትቀርቢ ይህ ይነሳብሻል።

ሕጋዊ መንገድ ግን አለ፣ ለአንቺም ልክክ ይላል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸው ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጠበቃ ሳይሆን «አክሬዲትድ ሪፕረዘንታቲቭ» ተብሎ ሊፈቀድለት ይችላል። የሕግ ዲግሪም አይጠይቅም፤ ሥልጠና፣ ልምድና መልካም ስም ነው የሚጠየቀው። በከፊሉ ፈቃድ ኢሚግሬሽን ቢሮ ድረስ፣ በሙሉው ፍርድ ቤት ቆመሽ ትከራከሪያለሽ። ለሦስት ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳል። ፈቃዱ ከድርጅቱ ጋር ስለሆነ በግልሽ ቤት ይዘሽው መሄድ አይቻልም። የድርጅቶቹ ዝርዝር በየግዛቱ ተለይቶ በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የሜሪላንድና የዲሲውን አውጪና አማርኛ ተናጋሪ ይፈልጉ እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂ፤ በሳምንት አንድ ቀን በበጎ ፈቃድ ጀምሪ። ለእሁዱ ደግሞ ዝርዝሩን ፕሪንት አድርጊና ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው፤ ፎርም ይዞ ለሚመጣ ሰው የምትሰጪው እሱን ነው።